ማርቆስ፦ ከመንገድ የተመለሰው ወንጌላዊ

ለንባብ፦ የሐዋርያት ሥራ 12፥12—17፤ 13፥1—13፤ 15፥36—41፤ ቆላስይስ 4፥10፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥11

ይህን ትምህርት የምጽፍላችሁ ከጅቡቲ ከተማ ነው። በዚህ አገር የሳምንቱ የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለ ሆነ፣ አማርኛ የምንናገር ጥቂት ምእመናን መጽሐፍ ቅዱስ የምናጠናው ዓርብ ወደ ማታ፣ ፀሐይ ካቆለቆለች በኋላ ነው። በክረምት ወራት እናንተ ጋቢ ደርባችሁ እሳት ዳር ስትቀመጡ፣ እዚህ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ነፋሱም አሸዋ ይዞ ሲመጣ የመጽሐፉን ገጽ በእጅ ካልያዙት ማንበብ ያስቸግራል። ከመካከላችን ከወደቡ ዕቃ እየጫኑ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሱ ሾፌሮች አሉ፤ በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶች አሉ፤ ወደ ዓረብ አገር ሊሻገሩ ከደጋው በእግራቸው ወርደው በዚህ የቀሩ ልጆችም አሉ።

የማርቆስን ወንጌል ማጥናት በጀመርን ጊዜ፣ ምዕራፍ አንድን ከመክፈታችን በፊት ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ በአጭሩ ልናገር አስቤ ነበር። ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል ብዬ ነበር፤ ሦስት ዓርብ ፈጀ። ምክንያቱም የሐዋርያት ሥራ 13፥13 በተነበበ ጊዜ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት እጁን አንሥቶ «ለምን ተመለሰ?» ብሎ ጠየቀ።

ይህ ወጣት ከኦቦክ የተመለሰ ነው። ከወሎ ተነሥቶ በጋላፊ ድንበር ገብቶ፣ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአሳል ሐይቅ ዳር አልፎ፣ በታጁራ በኩል ከኦቦክ ጠረፍ ደርሶ ነበር። ጀልባዋ በሌሊት መጣች፤ ጓደኞቹ ገቡ፤ እርሱ ግን ውኃው ጉልበቱ ድረስ በደረሰ ጊዜ ቆመና ወደ ኋላው ተመለሰ። ለመንገዱ ሲሉ አባቱ አንድ ጥማድ በሬ ሸጠዋል። ስለዚህ ወደ ቤቱ መደወል ከተወ ብዙ ወር ሆኖት ነበር። ጥያቄው የትምህርት ቤት ጥያቄ እንዳልሆነ ሁላችንም ዐወቅን፤ እንግዲህ እኛም ጥያቄውን ይዘን የማርቆስን ሕይወት ከመጀመሪያው እንመልከት።

ሰውየው ሁለት ስም ነበረው። ዮሐንስ የዕብራውያን ስሙ ነው፤ ማርቆስ ግን የሮማውያን ስም ነው። በዚያ ዘመን ከአሕዛብ ጋር የሚኖሩ ብዙ አይሁድ እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ ሳውል ጳውሎስ እንደ ተባለ ማለት ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቤት ስምና የክርስትና ስም ያለው ሰው በየመንደራችን አለ። እናቱ ማርያም ትባላለች፤ ቤትዋም በኢየሩሳሌም ነበረ። ጴጥሮስ ከሄሮድስ ወኅኒ በመልአክ እጅ በወጣ ሌሊት በቀጥታ የሄደው ወደዚህች ሴት ቤት ነው፤ በዚያም ብዙ ሰዎች ተሰብስበው ይጸልዩ ነበር። ቤቱ የውጭ በር ያለው፣ አገልጋይ የሚኖርበት፣ ጉባኤ የሚይዝ ቤት ነው። ሮዴ የምትባለዋ ልጅ የጴጥሮስን ድምፅ ሰምታ ከደስታ የተነሣ በሩን ሳትከፍት ወደ ውስጥ መሮጥዋን ሉቃስ ጽፎልናል። ይህች በር በመጨረሻ እንደ ገና ትመጣለች።

እንግዲህ ማርቆስ ያደገው የጸሎት ቤት በሆነ ቤት ነው። ሐዋርያትን እንደ ታላላቅ ሰዎች ከሩቅ ሳይሆን፣ እግራቸውን ሲታጠቡና እንጀራ ሲቈርሱ አይቶአቸዋል። በርናባስና ሳውል ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣውን ርዳታ አድርሰው ወደ አንጾኪያ ሲመለሱ ይህን ወጣት ይዘውት ሄዱ (12፥25)። በርናባስ ዘመዱ ነው፤ በቆላስይስ 4፥10 የተጻፈው የግሪክ ቃል የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ማለት ነው። ከዚያም የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱን በላከች ጊዜ ማርቆስ በአገልጋይነት ተከተለ። ከሴሌውቅያ በመርከብ ወደ ቆጵሮስ ተሻገሩ፤ ስልማናንና ጳፉን ዐልፈው፣ እንደ ገና ባሕር ተሻግረው በጵንፍልያ ወዳለችው ወደ ጴርጌን ደረሱ። በዚያ ሉቃስ በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር፣ ዮሐንስ ከእነርሱ ተለይቶ ወደ ኢየሩሳሌም መመለሱን ይነግረንና ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል።

ለምን? ስለዚህ ነገር ብዙ ተጽፎአል። ጴርጌን ያለችው በቆላ ሜዳ ነው፤ ከእርስዋ ወደ ላይ የጣውሮስ ተራራ ይጀምራል፤ መንገዱም ሽፍታ የሚያደባበት ነበር። ስለዚህ አንዳንዶች ፈርቶ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሉቃስ እስከዚያ ድረስ «በርናባስና ሳውል» ሲል ቆይቶ ከጳፉ በኋላ ጳውሎስን ማስቀደሙን አይተው፣ ዘመዱ ሁለተኛ መሆኑ ማርቆስን አስከፍቶታል ይላሉ። ወንጌል ለአሕዛብ እንዲህ በነጻ መሰበኩ አስጨንቆት ይሆናል የሚሉም አሉ። እኔም እነዚህን ሁሉ ለጉባኤው ዘረዘርሁ። ያ ወጣት ግን ሰምቶ ሲያበቃ፣ «የሚመለስ ሰው እኮ ምክንያቱን ራሱም አያውቀውም» አለ። ከመጻሕፍቱ ሁሉ ይልቅ ይህ ቃል እውነት መስሎ ታየኝ። ሉቃስ ምክንያቱን አልነገረንም፤ እኛም ብንጨምርበት ለማርቆስ አንድም አንጠቅመውም።

ሉቃስ ግን አንድ ነገር አልደበቀም። በ13፥13 የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ተለይቶ መሄድን ብቻ የሚናገር የለዘበ ቃል ነው። በ15፥38 የጳውሎስን አሳብ ሲነግረን ግን ቃሉ ይለወጣል፤ ይኸውም ከድቶ የተለየ ሰው የሚባልበት ቃል ነው። አንዱ ድርጊት በተመልካች ዘንድ መሄድ፣ በተተወው ሰው ዘንድ ግን ክዳት ነበር። ጳውሎስ ያን ጊዜ በልስጥራን በድንጋይ ተወግሮ እንደ ሞተ ተቈጥሮ ከከተማ ወደ ውጭ የተጐተተ ሰው ነው፤ እንደ ገና ወደዚያው አገር ሲመለስ፣ ከመንገድ የቀረውን ሰው ይዞ መሄድ አልወደደም። ይህን ፍርድ ከባድ ነው ብለን ለመንቀፍ አንቸኵል። በርናባስ ደግሞ አልተወውም። ሐዋርያት ያወጡለት የበርናባስ ስም የመጽናናት ልጅ ማለት ነው፤ ሳውልንም ማንም ሳያምነው እጁን ይዞ ወደ ሐዋርያት ያገባው እርሱ ራሱ ነበር። በዚህ ነገር ሁለቱ ሐዋርያት እስኪለያዩ ድረስ ተከራከሩ። ጳውሎስ ከሲላስ ጋር በሶርያና በኪልቅያ በኩል ሄደ፤ በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ቆጵሮስ በመርከብ ሄደ። ከዚህ በኋላ የሐዋርያት ሥራ የማርቆስን ስም አያነሣም።

ዓመታት ያልፋሉ። ከዚያም ጳውሎስ ታስሮ በጻፈው መልእክት መጨረሻ ላይ፣ ማንም ሳይጠብቀው ያ ስም ይመጣል። ለቆላስይስ ሰዎች፣ የበርናባስ ዘመድ ማርቆስ ሰላም እንደሚላቸው ይነግራቸዋል፤ ወደ እነርሱ ቢመጣም እንዲቀበሉት ያዝዛል። እንዲቀበሉት ማዘዝ ለምን አስፈለገ? የማርቆስ ወሬ በአብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ደርሶ እንደ ነበረ የሚያሳይ ይመስለኛል። ወሬ ከሰው ይልቅ ፈጥኖ ይጓዛልና።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። በዚያው ምዕራፍ ከማርቆስ በፊት ባለው ቁጥር የተጠራው ስም አናሲሞስ ነው፤ ከጌታው ከፊልሞና የኰበለለው ባሪያ ነው። ለፊልሞና በተጻፈችው አጭር መልእክትም ሁለቱ አብረው ይገኛሉ። ጳውሎስ በዚያች መልእክት ስለ አናሲሞስ ሲጽፍ፣ ቀድሞ የማይጠቅም የነበረው አሁን ጠቃሚ መሆኑን ይናገራል። በመጨረሻውም ዘመኑ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ማርቆስን ይዞት እንዲመጣ ለምኖ፣ ለአገልግሎት ጠቃሚ ነው ይለዋል። ሁለቱም ስፍራ ላይ «ጠቃሚ» ተብሎ የተተረጐመው የግሪክ ቃል አንድ ነው። ለኰበለለው ባሪያና ከመንገድ ለተመለሰው አገልጋይ ጳውሎስ አንድ ቃል ሰጣቸው። አናሲሞስ የሚለው ስም ትርጉሙም ይኸው ጠቃሚ ማለት ነው።

ይህን ስም የኛ አገር ምእመናን ከሌላ ሰው ያውቁታል። በልጅነቱ በባሪያ ፈንጋዮች ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ የተሸጠውና በ1870 በምጽዋ ነጻ የወጣው የኢሉባቦር ልጅ፣ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ በተጠመቀ ጊዜ አናሲሞስ ተባለ (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 አሳተመ። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ሂካ ነበር፤ በኦሮምኛ የሚፈታ፣ የሚተረጕም ማለት ነው። በማርቆስም ሕይወት እነዚህ ሁለት ነገሮች፣ ጠቃሚነትና አስተርጓሚነት፣ ተገናኝተዋል።

ስለ ማርቆስ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ካሉት ምስክርነቶች እጅግ የቆየው በሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኢያራ ከተማ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው የፓፒያስ ቃል ነው። የፓፒያስ መጻሕፍት ጠፍተዋል፤ የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ግን ይህን ቃል ጠብቆልናል። እንደ ፓፒያስ አነጋገር ማርቆስ የጴጥሮስ አስተርጓሚ ነበር፤ ጌታን ራሱ አልሰማም፣ አልተከተለውምም፤ ነገር ግን ጴጥሮስ ሲያስተምር የሰማውን ያስታወሰውን ያህል፣ በቅደም ተከተል ባይሆንም በጥንቃቄ ጻፈ። ጴጥሮስም በመጀመሪያው መልእክቱ መጨረሻ ማርቆስን ልጄ ብሎ ይጠራዋል (5፥13)፤ በዚያ ስፍራ ባቢሎን የተባለችው ሮሜ እንደ ሆነች ብዙዎች ይረዳሉ።

አስተርጓሚ ምን እንደ ሆነ በጅቡቲ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በወደቡ አንድ ጉዳይ ሲፈጸም ፈረንሳይኛ፣ ዓረብኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛና አማርኛ ባንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰማሉ። በመካከል የሚቆመው ሰው የራሱን አሳብ አይናገርም፤ ስሙን የሚጠይቀውም የለም፤ ነገር ግን እርሱ አንድ ቃል ቢያጐድል የብዙ ሰው ገንዘብ ይጠፋል። ደግሞም ጥሩ አስተርጓሚ ሊተረጐም የማይወድ ቃል ሲያጋጥመው ቃሉን እንዳለ ያሰማና ከዚያ በኋላ ይፈታዋል። የማርቆስን ወንጌል በዚህ ዓይን አንብቡት። የኢያኢሮስን ልጅ ባስነሣት ጊዜ ጌታችን በአፉ የተናገረውን የሶርያ ቃል እንዳለ ጽፎ ትርጉሙን ይጨምርበታል (5፥41)። ደንቆሮውን ሲፈውስ እንዲሁ ያደርጋል (7፥34)፤ በጌቴሴማኒ እንዲሁ፤ በመስቀል ላይም እንዲሁ። እነዚህ ድምፆች በአንድ ሰው ጆሮ ውስጥ የቀሩ ናቸው፤ ጴጥሮስ በተናገራቸው ቍጥር ድምፁን ሳይለውጥ አይቀርም፣ ማርቆስም በግሪክ ሊለውጣቸው አልደፈረም ብዬ አስባለሁ።

የሚጽፍላቸውም ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ ከቃላቱ ይታወቃል። አይሁድ እጃቸውን ስለሚታጠቡበት ሥርዓት ማስረዳት አስፈልጎታል (7፥3—4)፤ ስለዚህ አንባቢዎቹ አሕዛብ ነበሩ። መበለቲቱ የጣለቻቸውን ሁለት ትንንሽ ሳንቲሞች በሮማውያን ገንዘብ ስንት እንደሚሆኑ ይነግራቸዋል (12፥42)። የመቶ አለቃውንም በሮማይስጥ ስሙ ይጠራዋል። የቀሬናው ስምዖን መስቀሉን መሸከሙን ሲናገር የእስክንድሮስና የሩፎስ አባት ይለዋል (15፥21)፤ ልጆቹን አንባቢዎቹ ባያውቁአቸው ይህን መጨመር ለምን አስፈለገ? ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ለአንድ ሩፎስ ሰላምታ ያቀርባል (16፥13)። ሮማይስጥ ወደ ግሪኩ መግባቱ ለምን እንደ ሆነ ለጉባኤው ያስረዳሁት በለገሃር ነው። ከዚህ ከጅቡቲ ተነሥቶ 784 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ፣ ከዕቃው ጋር ቃልም ጭኖ ወጣ፤ ፈረንሳዮች ላ ጋር የሚሉትን የባቡር ጣቢያ ሕዝቡ ለገሃር አለው። በ2016 ሌላ አዲስ ሐዲድ በቦታው ቢተካም ቃሉ አልተነሣም። ሰው በሚኖርበትና በሚሠራበት ከተማ ያለው ቋንቋ በአፉ ላይ ይቀራል፤ የማርቆስም አፍ ሮሜን ቀምሶአል።

አሁን ቅን አንባቢ የሚጠይቀውን ጥያቄ አንዝለለው። በኢየሩሳሌም የነበረው ዮሐንስ ማርቆስና ወንጌሉን የጻፈው ማርቆስ በእርግጥ አንድ ሰው ናቸውን? ወንጌሉ በውስጡ የጸሐፊውን ስም አይናገርም። ፓፒያስም የትኛው ማርቆስ እንደ ሆነ አልገለጸም፤ ማርቆስ የሚለው ስም ደግሞ በሮማ መንግሥት ውስጥ እጅግ የተለመደ ነበር። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እኔ ግን የጥንቱ ትምህርት የበለጠ የተደገፈ ይመስለኛል። ጴጥሮስ ከእስር ሲወጣ የሄደበት ቤት ልጅና ጴጥሮስ ልጄ ያለው ማርቆስ የተለያዩ ናቸው ለማለት ምክንያት ይጠይቃል። ደግሞም ሰዎች ለዚህ ወንጌል ጸሐፊ በልባቸው ቢፈጥሩለት ኖሮ፣ ከሐዋርያት አንዱን ይመርጡ ነበር እንጂ ከመንገድ የተመለሰን ሰው አይመርጡም ነበር።

ጌታ በተያዘባት ሌሊት ነጠላውን ጥሎ ራቁቱን ስለ ሸሸው ጐበዝ (14፥51—52) ግን እንዲህ በድፍረት ለመናገር አልችልም። ይህ ነገር ከአራቱ ወንጌላት በማርቆስ ብቻ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ጸሐፊው በሥዕሉ ጥግ ራሱን እንደ ሣለ ብዙዎች ያምናሉ። ልብን የሚነካ አሳብ ነው። ሆኖም ፓፒያስ ማርቆስ ጌታን አልተከተለውም ስላለ፣ የጐበዙን ስም ላልጻፈልን መጽሐፍ እኛ ስም ባንሰጥለት ይሻላል። ከጥንት ጸሐፊዎች አንዱ ሂጶሊጦስ ደግሞ ማርቆስን በጣቱ አጭርነት ይጠራዋል፤ ለምን እንደ ተባለ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ቅጽል ለክብር ብሎ የሚፈጥር ሰው የለም።

በኢትዮጵያ የማርቆስ ስም ከሌሎቹ ወንጌላውያን በተለየ መንገድ የታወቀ ነው። አውሳብዮስ እንደ ጻፈው ወደ ግብፅ ሄዶ በእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያንን የመሠረተ እርሱ ነው። በእስክንድርያ ክርስቲያኖች ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትረካ የሚጀምረው በጫማ ጠፍር ነው። ማርቆስ ከተማዋ ሲገባ የጫማው ጠፍር ተበጠሰና አንያኖስ ወደሚባል ጫማ ሰፊ ሄደ፤ ጫማ ሰፊውም ሲሠራ ወስፌው እጁን ወጋው፤ ማርቆስ ፈወሰው፤ ኋላም ይህ ሰው የማርቆስ ተተኪ ሆነ። በጫማ ጥገና የተጀመረ ጵጵስና ነው። ከዚያ መንበር አትናቴዎስ በአራተኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስን፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን፣ ቀብቶ ወደ አክሱም ላከ። ከዚያ ወዲህ 1600 ዓመት ያህል ጳጳሳት ወደ ኢትዮጵያ ይመጡ የነበረው ከመንበረ ማርቆስ ነው፤ እስከ 1951 ድረስ፣ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ እስኪሆኑ፤ በ1959ም ፓትርያርክ ሆኑ።

በአድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የግዕዝ ወንጌላት ብራናቸው ተመርምሮ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን እንደ ተዘጋጀ ታውቆአል። ከዚያ በአንደኛው መጽሐፍ ሌሎቹ ወንጌላውያን ፊት ለፊት ቆመው ሲታዩ፣ ማርቆስ ብቻ ወደ ጎን ዞሮ በዙፋን ተቀምጦአል፤ ሊቃውንት ይህን የእስክንድርያ መንበር ነው ይሉታል። በጎጃምም ቀድሞ መንቆረር ይባል የነበረው ከተማ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን የተነሣ ደብረ ማርቆስ ተብሎአል። ከ828 ጀምሮ በቬኒስ የነበረው ዐፅሙ በከፊል በ1968 ወደ ካይሮ በተመለሰ ጊዜም፣ በአዲሱ ካቴድራል ምረቃ ላይ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ነበር። የጎጃም ሰው ነገር ከተነሣ ደግሞ አብርሃምን፣ ፈረንጆች አቡ ሩሚ የሚሉትን፣ ሳላነሣ አላልፍም። ይህ ሰው በማርቆስ አገር፣ በካይሮ ተቀምጦ ዐሥር ዓመት ያህል ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሰ፤ በ1819 በዚያው በወረርሽኝ ሞተ። አራቱ ወንጌላት ታትመው የወጡት በ1824 ነውና የድካሙን ፍሬ በዓይኑ አላየም።

ከአንድ ነገር የተነሣ ግን ፈገግ እላለሁ። በአገራችን ሥዕልና ትርጓሜ ማርቆስ ገጸ አንበሳ ነው። ከጴርጌን የተመለሰው ሰው!

ወደ ወንጌሉ እንመለስ፤ ጸሐፊውን ከማንኛውም ምስክር ይልቅ የሚያሳየን እርሱ ነውና። 16 ምዕራፍ ብቻ ያለው፣ ከአራቱ አጭሩ ነው። በግሪኩ «ወዲያው» የሚለው ቃል 40 ጊዜ ያህል ይመላለሳል፤ ጸሐፊው እንደሚቸኩል ሰው ነው። በ64 ኔሮን ክርስቲያኖችን በሮሜ ባሳደደ ጊዜ ብዙዎች ሞቱ፤ ጴጥሮስም በዚያ ስደት እንደ ሞተ በጥንት ይነገራል። ብዙዎች ሊቃውንት ወንጌሉ የተጻፈው በዚያው ዘመን አካባቢ ወይም ኢየሩሳሌም በፈረሰችበት በ70 አቅራቢያ ነው ይላሉ። በስደት ጊዜ በጉባኤ ውስጥ የጸኑ ብቻ አይገኙም፤ ፈርተው የካዱና ኋላም ሌሊት በር የሚያንኳኩ ይኖራሉ። ማርቆስ ለዚህ ጉባኤ ምን ጻፈ? ደቀ መዛሙርቱ እንዳላስተዋሉ፣ ልባቸው እንደ ደነዘዘ፣ ማን ይበልጣል ብለው በመንገድ እንደ ተከራከሩ ጻፈ። በ14፥50 ሁሉም ጥለውት መሸሻቸውን፣ አንድም ሳይተርፍ፣ በጥቂት ቃላት ጻፈ። ጴጥሮስ በሴት አገልጋይ ፊት የማለውን መሐላና የራገመውን እርግማን ጻፈ። ይህን ሁሉ የነገረው ማን ነው? ጴጥሮስ ራሱ መሆን አለበት፤ በዚያ ሌሊት በግቢው እሳት ዳር የነበረ ደቀ መዝሙር እርሱ ነውና። ሽማግሌው ሐዋርያ ነውሩን ሳይሸሽግ ይናገራል፤ በአጠገቡ የቆመውም አስተርጓሚ ቃል ሳያጐድል ለሕዝቡ ይመልሳል። ያልተመለሰ ሰው ይህን ሲተረጕም ምናልባት ያለዝበው ነበር። ማርቆስ አላለዘበውም።

በትንሣኤም ጠዋት በመቃብሩ የነበረው ነጭ ልብስ የለበሰው ጐበዝ ሴቶቹን ሄደው እንዲናገሩ ሲልካቸው፣ ለደቀ መዛሙርቱ ካለ በኋላ አንድ ስም ለይቶ ይጨምራል፤ ለጴጥሮስም። ማቴዎስ ይህንኑ መልእክት ሲጽፍ የጴጥሮስን ስም ለይቶ አይጠራም። የማርቆስ ብቻ ነው (16፥7)። ከጥንታውያን ጽሑፎች ሁለቱ ታላላቆች፣ የሲናውና የቫቲካኑ ብራና፣ ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቁጥር ሴቶቹ ፈርተው በመሸሻቸው ወንጌሉን ይጨርሳሉ። ማርቆስ የጻፈው እስከዚያ ብቻ ይሁን ወይም የመጨረሻው ቅጠል ጠፍቶ ይሁን፣ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። ከቁጥር 9 ጀምሮ ያለውን እኛ በመጽሐፋችን እናነባለን፤ ጥንታዊነቱም የተመሰከረለት ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ወንጌሉ በዚያች ቁጥር ቢያበቃ እንኳ፣ የሸሹት ሁሉ መልእክት እንደ ተላከባቸው መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ዓርብ ላይ እዚህ ደርሰን መጻሕፍቱን ከዘጋን በኋላ፣ ሰዎቹ ተነሥተው ወንበር ሲሰበስቡ ያ ወጣት ቀረበኝ። «ጋሼ፣ ማርቆስ ከዚያ ወደብ ኢየሩሳሌም ሲደርስ በሩን የከፈተችለት ያቺ ልጅ ናት?» አለኝ። ሮዴን ማለቱ ነው። መጽሐፉ እንዳልነገረን ነገርሁት። ጥቂት ቆይቶ ስልኬን እንዳውሰው ለመነኝና ሰጠሁት። ከአጥሩ ጥግ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ቆመ፤ ነፋስ ስለ ነበረ ከተናገረው የሰማሁት «እኔ ነኝ» የሚለውን ብቻ ነው። ስልኩን ያነሣው አባቱ ይሁኑ ወይም እናቱ አልጠየቅሁትም። በሚመጣው ዓርብ ምዕራፍ አንድን እንጀምራለን።